ትንሽ አሞት ነው ተብዬ የሄድኩበት መንገድ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ወዲህ ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ሰው አልጠፋም። ዚፕ ሊያስቀይር የመጣውም፣ ቀሚስ ልታስጠብብ የመጣችውም መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ መንገዱ ነው። ለአንዱ ጨርሼ ለሌላው ስጀምር ክሩ ይበጠስብኛል፣ እጅጌውን ገልብጬ እሰፋዋለሁ፣ ሥራም አልሆን አለኝ። ስለዚህ አርፌ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ። ከናንተ ብዙው እዚያ እንደማይሄድ አውቃለሁ። እኔም ባልጠራ ኖሮ ከደሴ ንቅንቅ አልልም ነበር።

የጠራኝ ስልክ ነው። ሰኞ አመሻሹ ላይ ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። "ሰለሞን እባላለሁ" አለኝ፤ ወንድሜ ግርማ በአስተናጋጅነት በሚሠራበት የአዲስ አበባ ፒያሳ ኬክ ቤት አብሮት የሚሠራ ሰው ነው። "እታለም፣ ግርማ ትንሽ አሞት ነው። አይጨነቁ። ግን ቢመጡ ጥሩ ነው።" አገናኘኝ ስለው ተኝቷል አለ። ምኑን ነው ያመመው ስለው ይመጡና ያዩታል አለ። የግርማን ስልክ ስሞክር ዝግ ነው።

እንግዲህ እናንተም የዚህ አገር ሰው ናችሁ። "ትንሽ አሞት ነው፣ ነይ" ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ለእናቴ ጊዜ እንዲሁ ብለው ነው የጠሩኝ፤ ስደርስ ድንኳኑ ተተክሏል። ለአጎቴም ጊዜ እንዲሁ። በኛ አገር ሰው በስልክ አይሞትም፣ በስልክ ትንሽ ነው የሚያመው። ከእናቴ ልጆች የቀረነው ደግሞ እኔና ግርማ ብቻ ነን።

ሻንጣዬን ሳዘጋጅ ጎረቤቴ ዘሃራ መጣች። ለእናቴ ሐዘን ራሴ የሰፋሁትን ጥቁር ቀሚስ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ሳጥፍ አየችኝ። "ይሄ ለምንድን ነው ብርቄ?" አለች። "ለብርዱ" አልኳት። ዘሃራ ሞኝ አይደለችም። ቀሚሱን ከእጄ ተቀብላ ከሻንጣው ሥር፣ ከሁሉም ልብስ በታች ከተተችውና ዚፑን ራሷ ዘጋችው።

ማክሰኞ

ደሴ መናኸሪያ ገና ሳይነጋ ደረስኩ። ብርዱን ታውቁታላችሁ። አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጬ ዳዊቴን አወጣሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ዳዊትን እንደ ደንቡ በየዕለቱ ከፋፍዬ እደግማለሁ፤ የማክሰኞው ከሠላሳ አንድ እስከ ስድሳ ነው። በግዕዝ ነው የተማርኩት፤ ንባቡን እንጂ ትርጓሜውን ብዙም አልጠይቅም ነበር። አፌ ልማዱን ይዞ ይሄዳል፣ ልቤ የራሱን ይሠራል።

ያን ቀን ግን አፌም እምቢ አለ። "አመሰግንሃለሁ" የሚል ቦታ ስደርስ ምላሴ ይያዛል። ለምኑ? ለየትኛው? እያልኩ የምስጋናውን እየዘለልኩ የልመናውን ብቻ እደግም ጀመር። ቅርጫት ውስጥ ያለ ቲማቲም እንደሚመርጥ ሰው። ኮምቦልቻን፣ ከሚሴን አለፍን፣ እኔ ከመስመሩ ላይ ጣቴን አንስቼ ስልክ እሞክራለሁ። ዝግ ነው። እንደገና ጣቴን መስመሩ ላይ አደርጋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ያቁነጠነጠኝ ነገር መቀመጫው መስሎት ቦታ እንቀያየር አለኝ።

አንድ ኬላ ላይ ለፍተሻ ወረድን። ሴቶችን የምትፈትሸው ልጅ እግር ሻንጣዬን ከላይ እስከ ታች አገላበጠችና ጥቁሩ ቀሚስ ላይ ስትደርስ እጇን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝ። ቀሚሱን መልሳ አጥፋ፣ በትክክል አጥፋ አስገባችውና ዝቅ ባለ ድምፅ "እግዚአብሔር ያጽናዎት እናቴ" አለችኝ። ገና ማንም ላልነገረኝ ሐዘን የመጀመሪያዋ አጽናኝ እሷ ሆነች። አሜን ልበል ወይስ ልቆጣት አላወቅኩም። ሻንጣዬን አንስቼ ተመልሼ ተሳፈርኩ።

ሸዋ ሮቢት ለምሳ ቆምን። ሙቀቱ! እኛ ደሴ ሹራብ ለብሰን የወጣን ሰዎች እየተጋፋን ወደ ጥላ ገባን። ሌላው ጥብሱን እያዘዘ ይበላል፣ ከበር ላይ ፓፓያና ማንጎ ይሸጣል። የሚያስተናግደው ሰው ሰሀኖቹን ክንዱ ላይ ደርድሮ በጠረጴዛዎቹ መካከል እንደ ግርማ ሹልክ ሹልክ ሲል ሳየው የመጣልኝን እንጀራ ሳልነካው ተነሳሁ። ሰውዬው ሒሳብ አልቀበልም አለኝ፤ "አልበሉም እኮ" ብሎ ፓፓያ በላስቲክ አንጠልጥሎ አውቶቡሱ ድረስ አመጣልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስመርቀው እውል ነበር።

ደብረ ሲና አቀበት ሥር ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ ረዳቱን ይሳደባል፣ ረዳቱ ጎማውን ይሳደባል፣ እኔ ሁለቱንም በልቤ። መንገዱ ዳር ወዲያና ወዲህ ስል ተሳፋሪው ሁሉ እኔን ማየት ጀመረ። ጎማው ተቀይሮ ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስንገባ አውቶቡሱ ጨለመ። ያኔ ዳዊቴን ዘግቼ የራሴን ጸሎት ጸለይኩ። "ጌታዬ፣ ትንፋሹን ብቻ ላግኘው። እንዴትም ይሁን፣ ብቻ ይተንፍስ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።" ደጋግሜ ይህንኑ አልኩ። ይህን ጸሎት አስታውሱልኝ፤ በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር ያጣላኝ እሱ ነው።

ላምበረት መናኸሪያ ስንደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ሰለሞን መውረጃው ላይ "የግርማ እህት!" እያለ ይጠብቀኛል። ሻንጣዬን ተቀበለኝ፣ ነጠላዬን አስተካከለልኝ፣ ውኃ ገዝቶልኛል፤ ግን ዓይኔን አያይም። "ወደ ሆስፒታሉ ውሰደኝ" አልኩት። "የጠያቂ ሰዓት አልፏል እታለም። ነገ ነው የሚገቡት" አለ። ጎማውን እንደገና በልቤ ሰደብኩት። ሰለሞን ከግርማ ጋር ለማደር ወደ ሆስፒታሉ ስለሚሄድ፣ በታክሲ አፍንጮ በር ድረስ ወስዶ ግርማ ክፍል የተከራየበት ግቢ አደረሰኝ።

የግቢው ባለቤት አደይ ለተብርሃን ይባላሉ። የትግራይ ሰው ናቸው፣ አደይ የሚባሉትም እናቴ ለማለት ነው፤ አዲስ አበባ ከገቡ እኔ ከተወለድኩ ይበልጣል። በር ላይ አቅፈው ሳሙኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ከዚያ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አምጥተው እግሬን ሊያጥቡኝ ጎንበስ አሉ። አንዲት የኔን እናት የሚያህሉ ሴት! "ኧረ እንዳያደርጉት አደይ" ብል ማን ሰምቶኝ። ሽሮውን አቀረቡ፣ "ብዪ ጓለይ፣ ብዪ ልጄ" እያሉ በእጃቸው አጎረሱኝ። እኔ ግን ደግነቱ በበዛ ቁጥር ጥርጣሬዬ እየባሰ ሄደ። ሰው ከመርዶ በፊት እንዲህ አይደል የሚደረገው? በልቶ እንዲያድር፣ አቅም እንዲኖረው።

"አደይ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ግርማ ሞቷል?" አልኳቸው።

"እኔ ቤት እንዲህ ያለ ውሸት የለም። ቢሞት እነግርሽ ነበር። ግርማ በሕይወት አለ።"

"ታዲያ ምኑን ነው ያመመው?"

አደይ ሳፋውን አንስተው ውኃውን ሊደፉ ወጡ። ሲመለሱ "ነገ ታዪዋለሽ፤ አጆኺ" አሉኝ፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ሰለሞን ጋ አስደወልኳቸው። ይጠራል፣ አይነሳም። ግርማ አልጋ ላይ፣ የግርማ ብርድ ልብስ ውስጥ ተጋደምኩ። ትራሱ የጸጉር ቅባቱን ይሸታል።

ረቡዕ

በሩ የተንኳኳው ጎህ ሲቀድ ነው። ከፈትኩ። ደጃፉ ላይ ክራቫት ያሰሩ ሽማግሌ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ነጠላ የለበሱ ሴቶች ተኮልኩለዋል። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እንዴት አደሩ? እንግዲህ አይዞዎት፣ ያለ ነገር ነው..." አሉ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት የለም። ጎህ ሲቀድ፣ በሽማግሌ፣ በነጠላ! "ወንድሜን! ወይኔ ወንድሜን!" ብዬ ጮህኩ። ወደ ውስጥ ሮጬ ሻንጣውን ገለበጥኩና ጥቁሩን ቀሚስ ከሌሊት ልብሴ በላይ አጠለቅኩት። ስወጣ ሴቶቹም እያለቀሱ ነው። አንዷ ደረቷን ትመታለች። ሌላዋ ይዛው የመጣችውን ፔርሙስ መሬት ላይ አስቀምጣ "ግርምዬ፣ የሰፈሩ ድምቀት!" ትላለች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደገፉ። ከጎረቤት ግቢ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዱ ጎረምሳ የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ ልጥራ ወይ ሲል ሰማሁ።

አደይ ከጓሮ በኩል እርጥብ እጃቸውን እያራገፉ መጡ። "ምንድን ነው ይሄ? ማን ነገራችሁ?"

"እሳቸው ናቸው" አሉ ሴቶቹ ወደ እኔ እያመለከቱ። "ከሆስፒታል ሌሊቱን የተደወለላቸው መስሎን።"

"አንቺንስ ማን ነገረሽ?"

"እነሱ ናቸዋ" አልኩ።

ደረቷን ትመታ የነበረችው ሴትዮ እጇ አየር ላይ ቀረ። ሽማግሌው ጋሽ ተፈራ ይባላሉ፤ የግቢው ነዋሪ ናቸው። ባርኔጣቸውን ቀስ ብለው መልሰው አደረጉና "እኛ እኮ ሥራ ሳንገባ እንኳን ደህና መጡ ልንል ነው። ለበሽተኛውም አጥሚት ይዘን" አሉ። ፔርሙሱ እሱ ነበር።

አደይ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ። በዚህ ጊዜ ሰለሞን አነሳ። የሞባይሉ ድምፅ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ። ከዚያ የማውቀው ድምፅ መጣ፣ አፉ ሙሉ ሆኖ።

"ሃሎ፣ እታለም? ምንድን ነው ጫጫታው?"

"አንተን እያለቀስን ነው" አልኩት።

"ትንሽ ጠብቁ እንጂ፣ ቁርሴን ልጨርስ።"

እዚያው መሬት ላይ ዘፍ አልኩ። ግቢው በሙሉ እንባውን በነጠላው እየጠረገ ይስቅ ጀመር። ሁሉም በአንድ ጊዜ "እግዚአብሔር ይመስገን" አለ፣ እኔም አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ መሬቱን እየሳምኩ አልኩ። ከልቤ ነበር። ግን እስከ ጠያቂ ሰዓት ድረስ ብቻ ነው የቆየው።

ሆስፒታሉ ከፒያሳ ብዙም አይርቅም። እኩለ ቀን ላይ ሰለሞን ክፍሉን አሳይቶኝ እሱ ኮሪደር ላይ ቀረ። ግርማ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል፣ ከስቷል፣ ጢሙን ተላጭቷል። ዘልዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ። ከዚያ ቀና ስል ብርድ ልብሱን አየሁት። በአንድ በኩል እግሩ ጉብ ብሎ እስከ ታች ይሄዳል። በሌላ በኩል ከጉልበቱ ትንሽ ወረድ ይልና ጨርቁ ሜዳ ነው።

"ስኳር ነው" አለኝ። "እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። አዲስ ጫማ ጣቴን ላጠኝ፣ ናቅኩት። ቁስሉ ወደ ላይ ሲመጣ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ ከጠበቅን ሰውየውም ይሄዳል አሉ።"

"ለምን ደበቅከኝ?"

"በስልክ እግሬ ሊቆረጥ ነው ልበልሽ? መንገድ ላይ ትሞቺ ነበር። ስልኬን ዘጋሁ፤ በአካል እስክታዪኝ እንዳይነግሯት ብዬ ሁሉንም አስማልኩ።" ከዚያ አየኝና "አትይኝ እንዲህ። ካልሲ መፈለግ ቀረልኝ እኮ። አንዱ ሁልጊዜ ይጠፋብኝ ነበር" አለ።

አልሳቅኩም። ተቆጣሁት። ለምን ሐኪም ቤት ቶሎ አልሄድክም፣ ለምን አንድ ሰው አላማከርክም፣ እያልኩ ነርሷ መጥታ ዝም እስክታሰኘኝ ድረስ ጮህኩበት። ያ ሰው በእግሩ ነው የኖረው። ከባንኮኒው እስከ በረንዳው፣ ከበረንዳው እስከ ባንኮኒው፣ ማኪያቶ ሳያፈስ ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰ ሰው ነው። ግርማ ሰምቶኝ ሲያበቃ "ጥቁር ለብሰሽ ልትቀብሪኝ ነው የመጣሽው አሉ" አለኝ። "በዚያ ቀሚስ ፒያሳ ልትታዪ? ፋራ።"

ስወጣ ወደ አፍንጮ በር መመለስ አልቻልኩም። ቁጭ ማለት የሚባል ነገር ጠፋብኝ። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ወረድኩ፣ ምን ልሠራ እንደወረድኩ ሳላውቅ መልሼ ወጣሁ። ደሴም ፒያሳ አለችን፤ የኛዋ ግን ሰላም ሳትባል አታሳልፍም። የነሱ ሰው ፈጣን ነው፣ ሲያልፍ ትከሻሽን ነክቶ ይቅርታ ሳይጨርስ ሄዷል። ከዚህ በፊት ግርማን ልጠይቅ ስመጣ ምልክት ያደረግኩባቸው አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሰማዩም በዝቷል። መዞሪያዬ ጠፋኝና አንድ የወርቅ ቤት ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ባለቤቲቱ አየችኝና ወንበር አወጣችልኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ። "እንዴት ዋሉ እናቴ?" አለች።

የዚህ መልስ አንድ ነው፤ ልጅ ያውቀዋል። እግዚአብሔር ይመስገን ይባላል፣ በሽተኛም ይለዋል፣ ሐዘንተኛም ይለዋል። እኔ አፌን ከፈትኩና አልወጣም አለኝ። ሴትዮዋ ትጠብቃለች። "ደህና" ብዬ ብርጭቆውን መለስኩላት። ጣርማ በር ላይ ትንፋሹን ብቻ ብዬ ነበር፣ ሌላ አልጠይቅህም ብዬ ነበር። ያልኩትን፣ ከዚያ ሳያጎድል ሳይጨምር ሰጠኝ። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። እግሩንም ብዬ ቢሆንስ ኖሮ? ነጋዴ ያጭበረበረኝ ያህል ተናደድኩ። ይህን መጻፍ ያስፈራኛል፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ሐሙስ

ጠዋት ዳዊቱን ሳልከፍት ቀረሁ። አደይ አዩኝ። ነጠላቸውን ለብሰው "ነይ፣ ጊዮርጊስ ደርሰን እንምጣ" አሉኝ። በእግር ሄድን፤ ከኔ ቀድመው ይራመዳሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ሰው በየዛፉ ሥር መጽሐፉን ከፍቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። እኔ ግድግዳው ሥር ቆሜ ግንባሬን ድንጋዩ ላይ አደረግኩ። የሚመጣልኝ ቃል አልነበረም። አንዴ በግራ እግሬ፣ አንዴ በቀኝ እግሬ እቆማለሁ፣ ሁለት እግር ስላለኝ ራሱ ያሳፍረኛል።

ሲወጡ አደይ ደረጃው ላይ ተቀመጡና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ምስጋና እምቢ አለሽ" አሉኝ።

"ለምን? እላለሁ አደይ። እግዚአብሔር ሌላውንም እኮ ይችላል። እግሩን ሊያተርፍለት ይችል ነበር።"

አደይ ስለ ልጃቸው ነገሩኝ። ልጃቸው ዘርዓይ ጦርነቱ ሲጀመር እዚያው ትግራይ ነበር። ስልክ ተቋረጠ። "ትንሽ አሞት ነው የሚል እንኳ አልደወለልኝም" አሉ። "ታሞ ይሆን፣ ቆስሎ ይሆን፣ በልቶ ይሆን፣ የምጠይቀው አጣሁ። በየቀኑ ምግብ ሠርቼ ምሳ ዕቃው ውስጥ እጨምራለሁ። የት ልወስደው? ይቀዘቅዛል፣ ለጎረቤት እሰጠዋለሁ። ምሳ ዕቃውን እየያዝኩ ግን እጸልይ ነበር። በመጨረሻ መርዶው መጣ፣ ለብዙ ቤት በአንድ ላይ።"

እጄን ያዙ። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነው። "እኔ እግዚአብሔርን ለልጄ ሞት አላመሰገንኩትም፤ እንደዚያ በይ የሚልሽ ካለ አትስሚው። ያመሰገንኩት በቀን አንዴ ቆሜ ምግብ የምሠራበት ጉልበት ስለሰጠኝ ነው። አንቺ ግን የሚጠየቅ ሰው አለሽ ጓለይ። ምሳ ዕቃሽ የሚደርስበት ቦታ አለው።"

ቤት ደርሰን ያንኑ ምሳ ዕቃ አወጡ፤ ባለ ሦስት ድርብ፣ እጀታው በሽቦ የታሰረ። ሐኪሙ የፈቀደውን ሠርተው ሞሉትና ሰጡኝ። አምስት ኪሎን አልፌ እስከ ሆስፒታሉ በእግሬ ተሸክሜው ሄድኩ። ታክሲ አጥቼ አይደለም፤ መሸከሙን ፈልጌ ነው። ከሥሩ ሙቀቱ ጎኔን ይነካኛል። መንገዱ ላይ አለቀስኩ። አራዳ እንደሆነ የሚያለቅስን ሰው አያስቆምም፣ መንገድ ይለቅለታል።

ግርማ አጣጥሞ በላ። ከዚያ እንደ ቀልድ አድርጎ "እታለም፣ ያ የምትደግሚው ዳዊት አማርኛው እንዲህ ነው እንዴ?" አለኝ። እግሩ በሚቆረጥበት ቀን ዋዜማ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ሰለሞንን አንድ ነገር አንብብልኝ ብሎታል። ግርማ ጸሎተኛ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም በኔ ጸሎት ሲቀልድ ነው የኖረው። ሰለሞን ከስልኩ ላይ አንድ መዝሙር አነበበለት። "ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ? ለምንስ ታውኪኛለሽ?" ይላል።

"ሰውዬው እኮ ከራሱ ነፍስ ጋር ነው የሚጨቃጨቀው" አለኝ ግርማ። "እኔ ጸሎት ማለት ሁሉ ነገር ልክ ነው ብሎ መስገድ ይመስለኝ ነበር። ይሄኛው ግን ልክ አንቺ እኔን እንደምትቆጪኝ ነፍሱን ይቆጣታል። ደስ አለኝ። እኔም ቀጠልኩ። አንቺ ነፍስ፣ እግር ነው የሚሄደው እንጂ አንቺ አይደለሽም፣ ምን ያወራጭሻል አልኳት። እንደ ደንበኛ አባበልኳት። እስኪነጋ ተከራከርን፣ ጠዋት ሲወስዱኝ ደክሟት ዝም ብላ ነበር።"

ያ መዝሙር አርባ አንደኛው ነው። የማክሰኞ ነው። "ለምንት ትቴክዚ ነፍስየ" እያልኩ በየማክሰኞው አልፌበታለሁ፤ ያን ማክሰኞም አውቶቡስ ውስጥ፣ ስልክ እየሞከርኩ፣ አልፌበታለሁ። ቀጥሎ "የፊቴን መድኃኒት አምላኬን አመሰግነው ዘንድ በእግዚአብሔር ታመኚ" ይላል። አመሰግነው ዘንድ። ገና ነው ማለት ነው፤ ያ ሰውም ገና አላመሰገነም፣ ግን እንደሚያመሰግን ለነፍሱ እየነገራት ነው። እኔ የዘለልኩት ይህንን ነበር። ባዶውን ምሳ ዕቃ ያዝኩና ጭንቅላቱን ስሜው ወጣሁ።

ዓርብ

ግርማ ክራንች ተሰጥቶት መለማመድ ጀመረ። ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ሲራመድ ፊቱ ተኮማተረ። እግሩ አይደለም ያመመው፣ ብብቱ ነው። የክራንቹ ራስ ደረቅ ጎማ ነው፣ ሥጋውን ይልጠዋል። "በጫማ መላጥ ይበቃኝ ነበር" ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ግን ሁለተኛ አልሞክርም ብሎ አልጋው ላይ ተመለሰ። ከመጣሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈርቶ አየሁት። ኬክ ቤቱ ከባንኮኒው ኋላ ሒሳብ ተቀባይ አድርጎ ሊመልሰው ቃል ገብቷል፤ እዚያ ድረስ ግን መሄድ አለበት። መሄድ ካልቻለ ክፍሉ ውስጥ መቅረቱ ነው።

አፍንጮ በር ተመለስኩና ሻንጣዬን ከፈትኩ። ጥቁሩ ቀሚስ ረቡዕ ጠዋት እንዳወለቅኩት ተጨማዶ ተቀምጧል። ጥሩ ጨርቅ ነው፣ ወፍራም፣ ለስላሳ፤ ለእናቴ ብዬ አልሰሰትኩም ነበር። ለመቅደድ የሚያሳሳ ጨርቅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ መቀሱን አንስቼ ከጫፉ ጀመርኩ።

ጋሽ ተፈራ ከአሮጌ ወንበር ስፖንጅ አወጡልኝ። በእጅ ቢሰፋ እንደማይጠነክር ስላወቅኩ ጨርቁን ይዤ ወረድኩና ፒያሳ አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ገባሁ። ምን እንደምፈልግ ስነግረው ከመኪናው ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ። "ወሎዬዎች ስፌት ያውቃሉ ይባላል፣ እስኪ እንይ" አለና ሻይ አዘዘልኝ። መኪናው ከኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው፣ ፔዳሉ ግን ይከብዳል። በድርብ፣ በድርብ እየጠቀጠቅኩ ሰፋሁ። ከንፈሬ የዓርቡን ዳዊት ይደግም እንደነበረ ያወቅኩት ሰውዬው ቆሞ ሲሰማኝ ነው። የምስጋናው ቦታ ላይ ስደርስ አልዘለልኩም። ልቤ ሙሉ ሆኖ አልነበረም፤ ስለ እግሩ እስከ ዛሬ ድረስ ይቆጨኛል። ግን ቃሉ ወጣ፣ ከቁጭቱ ጋር ወጣ።

ሆስፒታል ወስጄ የክራንቹ ራሶች ላይ አልብሼ በገመድ አሰርኳቸው። ግርማ ጨርቁን ዳሰሰው፣ አወቀው። "ይሄ እኮ ለእኔ የመጣው ነው" አለ። "ለአንተ ነው" አልኩት። ተነሳ። ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ሄደና ግድግዳውን በክራንቹ ነክቶ ተመለሰ። ሰለሞን ከኋላው ባዶ ትሪ ይዞ "ሁለት ማኪያቶ ለአራት ቁጥር!" ይለዋል።

ቅዳሜ

አደይ ቆሎ ቋጥረውልኝ፣ ሰለሞን እስከ ላምበረት ሸኝቶኝ ተመለስኩ። ጎማ አልፈነዳም። ዋሻው ውስጥ ስንገባ ምንም አልጠየቅኩም። ኬላው ላይ ያቺን ፈታሽ በዓይኔ ፈለግኳት፣ ያጽናዎት ያልሽኝ ደርሶልኛል ልላት ነበር፤ ተረኛዋ ግን ሌላ ሆነች። ሸዋ ሮቢት ላይ ምሳዬን እስከ መጨረሻው በላሁ።

ደሴ ስደርስ መሽቶ ብርዱ ጀምሯል። ዘሃራ የግቢያችን በር ላይ ጋቢ ተከናንባ ትጠብቀኛለች፤ ከኋላዋ የዕድራችን ሴቶች ቆመዋል። ማንም ፊቴን አላየም፤ ሁሉም ያየው ልብሴን ነው። ይዤው የሄድኩትን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሻለሁ።

"ግርማ እንዴት ነው?" አለች ዘሃራ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኳት።

አላመነችኝም። ማን ያምናል? ሁላችንም ሁልጊዜ የምንለው ነው። ጠጋ ብላ ክንዴን ያዘችኝና ሌሎቹ እንዳይሰሙ አድርጋ "ብርቄ፣ ያን ጥቁር ቀሚስ ከሻንጣው ሥር እኔ ነኝ የከተትኩት። የት አደረግሽው?" አለችኝ።

"ፒያሳ ቀረ" አልኳት። "ግርማ ተደግፎት እየሄደ ነው።"